የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተከላካዮች (አሜሪካ)

የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተከላካይ ማለት መተዳደሪያው ሌላ ሥራ ሆኖ፣ በአካባቢው እሳት ወይም ሌላ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ያለ ደመወዝ ወይም በጥቂት አበል የሚወጣ፣ ለዚህም የሠለጠነና በአንድ የአካባቢ ጣቢያ የተመዘገበ ሰው ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያሉት ሰዎች ከደመወዝ ተከፋዮቹ ይበልጣሉ። በ2020 በአገሪቱ ከነበሩት ከ1 ሚሊዮን በላይ እሳት አደጋ ተከላካዮች ውስጥ 676,900 ያህሉ፣ ማለትም ከመቶ 65ቱ፣ ፈቃደኞች ነበሩ። በፊልም የሚታየው ቀን ከሌሊት ጣቢያ ውስጥ ተረኛ ሆኖ የሚጠብቀው ሠራተኛ የትልልቅ ከተሞች ነው። በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ግን ደወሉ ሲደወል የሚመጣው ገበሬው፣ መምህሩ፣ መካኒኩ ወይም የሱቁ ባለቤት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመር

የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰፈሮች ቤታቸው ከእንጨት፣ ጣሪያቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሣር ወይም ከሸምበቆ ስለነበረ አንድ የጭስ ማውጫ ፍንጣሪ ብዙ ቤቶችን ሊያጠፋ ይችል ነበር። ዛሬ ኒው ዮርክ የምትባለው ኒው አምስተርዳም በ1648 የጭስ ማውጫዎችን እየዞሩ የሚመረምሩ ተቆጣጣሪዎች ሾመች። ጭስ ማውጫውን ያላስጠረገ ሰው መቀጮ ይከፍል ነበር፤ ከመቀጮውም መሰላል፣ ባልዲና መንጠቆ ይገዛ ነበር። መንጠቆው የሚያስፈልገው የሚነደውን ጣሪያ ጎትቶ ለመጣል፣ አንዳንዴም እሳቱ እንዳይሻገር ገና ያልተያያዘውን ቤት አስቀድሞ ለማፍረስ ነው።

በፈቃደኝነት ላይ የቆመው አደረጃጀት ስሙ በይበልጥ የሚነሣው ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ጋር ነው። ፍራንክሊን የተወለደው ቦስተን ሲሆን፣ በዚያች ከተማ የአባላቱን ንብረት ከእሳት ለማዳን የሚረዳዱ ማኅበራት ቀድሞውንም ነበሩ። በ1735 ፊላዴልፊያ ውስጥ በሚያሳትመው ጋዜጣ ላይ የአንድ አዛውንት ደብዳቤ በማስመሰል ከተማዋን ከእሳት ስለመጠበቅ ጻፈ። ደብዳቤው ስለ ማጥፋት ብቻ አልነበረም። ፍም በክፍት አካፋ ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ወይም በደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ አደገኛ መሆኑን፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችም ፈቃድ ማውጣትና ለሥራቸው ተጠያቂ መሆን እንዳለባቸው ያስረዳል። ከጎረቤት ፍም ጭሮ ማምጣትን የሚያውቅ አንባቢ ምክሩ ለምን እንዳስፈለገ አያጣውም።

በታኅሣሥ 7 ቀን 1736 ፍራንክሊንና ጓደኞቹ ዩኒየን የተባለውን የእሳት አደጋ ማኅበር መሠረቱ። አባላቱ 30 ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲዎችና ጠንካራ የጨርቅ ከረጢቶች በቤቱ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነበረበት፤ ባልዲው ለውሃ፣ ከረጢቱ ደግሞ ዕቃ ከሚቃጠል ቤት ሰብስቦ ለማውጣት ነው። በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ የቀረ ወይም ያረፈደ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ለመሣሪያ መግዣ ይውላል። አሠራሩ እድርን በጣም ይመስላል፤ የአባላት ብዛት የተወሰነ፣ ደንቡ የተጻፈ፣ ቀሪ የሚቀጣበት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሁሉም የሚወጣበት ማኅበር ነው። ሌሎች ሰዎች እንግባ ባሉ ጊዜ የራሳቸውን እንዲያቋቁሙ ተነገራቸው፤ በዚህም መንገድ ማኅበራቱ በከተማይቱ ተባዙ። ፍራንክሊን በ1752 ደግሞ ቤት ለተቃጠለበት ሰው ካሣ የሚከፍል የመድን ድርጅት በማቋቋም ተካፍሏል።

ከትልልቅ ከተሞች መውጣት

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የከተሞቹ የፈቃደኞች ቡድኖች ከመብዛታቸው የተነሣ እርስ በርሳቸው ይፎካከሩ ጀመር። ከእሳቱ ቀድሞ መድረስ የክብር ጉዳይ ሆነ። ሁለት ቡድኖች አንድ የውሃ መቅጃ ላይ ሲገናኙ ቤቱ እየነደደ እነርሱ የሚደባደቡበት ጊዜ ነበር። ቡድኖቹ የፖለቲካ መሰላልም ሆኑ፤ የኒው ዮርክን ፖለቲካ ለዓመታት የተቆጣጠረውና በኋላ በሙስና የተፈረደበት ዊልያም ትዊድ መጀመሪያ የታወቀው በአንድ የእሳት አደጋ ቡድን አለቃነት ነው።

ለውጡን ያመጣው ግን ጠቡ ብቻ አልነበረም። በእጅ የሚሠራው ፓምፕ ግራና ቀኝ ቆመው እየተፈራረቁ የሚገፉት ብዙ ሰዎች ይፈልግ ስለነበር ከተማው ያለ ፈቃደኞች መኖር አይችልም ነበር። በእንፋሎት የሚሠራው ፓምፕ ሲመጣ ጥቂት ሰዎችና ፈረሶች የብዙዎቹን ሥራ ተኩ። ሲንሲናቲ በ1853 የእንፋሎት ፓምፕና ሙሉ በሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ኃይል ያላት ከተማ ሆነች። ኒው ዮርክ በ1865፣ ፊላዴልፊያ ደግሞ በ1871 ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ፈቃደኛው በአብዛኛው የገጠር፣ የትንሽ ከተማና የከተማ ዳርቻ ሰው ሆነ።

ጥሪው ሲመጣ

በአሜሪካ የአደጋ ጥሪ ቁጥር 911 ነው። ጥሪውን የተቀበለው ማዕከል ለአካባቢው ጣቢያ ያስተላልፋል፤ ፈቃደኞቹም በወገባቸው በያዙት ፔጀር፣ በስልካቸው ወይም በከተማው ሳይረን ይሰሙታል። ያሉበትን ሥራ ትተው በራሳቸው መኪና ወደ ጣቢያው ይነዳሉ፤ ልብሳቸውን ለብሰው በእሳት አደጋ መኪናው ይወጣሉ። የሚወጣው ሰው ብዛት አስቀድሞ አይታወቅም። ማታ ከሆነ አሥራ አምስት ሰው ሊመጣ ይችላል፤ በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ ሦስት ብቻ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ጣቢያዎችን የሚያስጨንቀው የሌሊቱ ሳይሆን የቀኑ ጥሪ ነው፤ አባላቱ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉና።

በ1896 የተቋቋመው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለፈቃደኞች ያወጣው መለኪያ ይህን ልዩነት ያገናዘበ ነው። ሕዝብ በተጨናነቀበት አካባቢ 15 ሰዎች በ9 ደቂቃ፣ በከተማ ዳርቻ 10 ሰዎች በ10 ደቂቃ፣ በገጠር 6 ሰዎች በ14 ደቂቃ እንዲደርሱ ይጠይቃል። ይህ ጊዜ ከእሳቱ ፍጥነት ጋር ሲወዳደር ረጅም ነው። በሙከራ እንደታየው በሰው ሠራሽ ስፖንጅና ጨርቅ የተሞላ የዛሬ ሳሎን፣ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ወደሚያያዝበት ደረጃ ለመድረስ ከ5 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ በጥጥና በእንጨት ዕቃ የተሞላው የድሮ ሳሎን ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስድበት ነበር። ስለዚህ በገጠር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሕይወት የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ከመድረሱ በፊት ራሱ ከወጣ ነው። ዘግይቶ የደረሰው ቡድን የሚያድነው ጎረቤቱን፣ ጎተራውንና ጫካውን ነው።

ዛሬ አብዛኛው ጥሪ እሳት አይደለም። በአገሪቱ ያሉ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ሁሉ በ1980 የመለሱት ጥሪ 10.8 ሚሊዮን ነበር፤ በ2020 ከ36 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል የሕክምና ርዳታ ሲሆን፣ እሳት ከመቶ 4 ገደማ ብቻ ነው። የቀረው የመኪና ግጭት፣ የጋዝ ሽታ፣ የወደቀ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ጎርፍና ሐሰተኛ ማንቂያ ነው። እሳት አጠፋለሁ ብሎ የተመዘገበ ወጣት በመጀመሪያው ዓመት ይበልጥ የሚያየው ደረታቸውን የያዙ አዛውንትና በመንገድ ዳር የተጨማደደ መኪና ነው።

የውሃው ነገር

በከተማ የእሳት አደጋ ተከላካይ ቱቦውን መንገድ ዳር ካለው የውሃ መቅጃ ጋር ያያይዛል። በገጠር መቅጃ የለም፤ ውሃውም አብሮ መምጣት አለበት። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም አስደንጋጭ ነው። 3,800 ሊትር ገደማ የያዘ መኪና በደቂቃ 570 ሊትር የሚረጭ አንድ ቱቦ ቢከፍት ውሃው ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ሁለት ቱቦ ከተከፈተ ደግሞ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በፊት ያልቃል።

መፍትሔው የቦቴ ምልልስ ነው። መጀመሪያ የደረሰው መኪና እሳቱ አጠገብ ይቆማል፤ ከጎኑ በብረት ፍሬም የሚዘረጋ የሸራ ገንዳ ይተከላል። ቦቴዎቹ ተራ በተራ እየመጡ ውሃቸውን በሰፊ በር ገንዳው ውስጥ ገልብጠው ሳይቆሙ ለመሙላት ይመለሳሉ። መኪናው ከገንዳው እየሳበ ይረጫል። የሚሞሉበት ቦታ ኩሬ፣ ወንዝ ወይም በሩቅ ያለ መቅጃ ሊሆን ይችላል። ጣቢያዎች ሰፈራቸውን እየዞሩ የትኛው ኩሬ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ድልድይ የቦቴ ክብደት እንደማይችል አስቀድመው ይመዘግባሉ። ለዚህ ሥራ የአካባቢውን መሬት የሚያውቅ ገበሬ ከማንም ይሻላል።

ከኩሬ ውሃ መሳብ የራሱ ወሰን አለው። ፓምፕ ውሃን በእርግጥ አይስብም፤ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ከዚያ በኩሬው ላይ የሚጫነው የከባቢ አየር ግፊት ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ውሃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ያህል ያነሣል፤ በተግባር ግን ከ7 ሜትር ተኩል በላይ አስተማማኝ አይደለም። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የሚገኘው ከዚህም ያነሰ ነው።

ሥልጠናና መሣሪያ

አንድ ፈቃደኛ ወደሚነድ ቤት ከመግባቱ በፊት የሚጠበቅበት ሥልጠና እንደየግዛቱ ይለያያል። ብዙ ቦታ መሠረታዊው ትምህርት ከ100 ሰዓት በላይ ሲሆን፣ የሚሰጠው በማታና በቅዳሜና እሑድ ነው። ቱቦ መዘርጋት፣ መሰላል መትከል፣ በጭስ ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሱ ሰው መፈለግ፣ ቋጠሮ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ፣ የተጨማደደ መኪና ቆርጦ ሰው ማውጣት ይማራሉ። ከዚያም በኋላ አብዛኛው ጣቢያ በሳምንት አንድ ማታ ልምምድ አለው። ከቤት ሆነው ቤተሰብ የሚያማርሩት ስለ ጥሪው ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ስለዚህ ማታ ነው።

ልብሱ፣ የራስ ቁሩና በጀርባ የሚታዘለው የአየር ሲሊንደር ተደምረው ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ሲሊንደሩ 30 ደቂቃ የሚል ጽሑፍ ቢኖርበትም በከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከዚያ ቀድሞ ይጨርሰዋል። በለበሰው ላይ የተያያዘች ትንሽ መሣሪያ ሰውየው ለ30 ሰከንድ ያህል ካልተንቀሳቀሰ በታላቅ ድምፅ ትጮሃለች፤ ይህም የወደቀን ባልደረባ በጭስ ውስጥ በድምፅ ለመፈለግ ነው። ወደ ውስጥ መግባት የሚፈቀደው ሁለት ሁለት ሆኖ ሲሆን፣ ሁለት ሲገቡ ሌሎች ሁለት ለነፍስ አድን ተዘጋጅተው ደጅ መቆም አለባቸው። ሰው ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ ይህ ደንብ ቀሪ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ሰው ብቻ የመጣበት ጣቢያ አለቃ ከባዱ ውሳኔ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው።

ወጪው ቀላል አይደለም። ከግብር የሚደገፉ ጣቢያዎች አሉ፤ ሌሎቹ ግን በፓንኬክ ቁርስ፣ በዶሮ ጥብስ፣ በቢንጎ ማታና በመንገድ ላይ የቡት ጫማ ዘርግቶ ሳንቲም በመለመን ገንዘብ ያሰባስባሉ። ስለዚህ በብዙ ትንንሽ ከተሞች የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ የሠርግ፣ የምርጫና የለቅሶ ቤትም ነው።

አደጋውና ዋጋው

በሥራ ላይ የሚሞቱ እሳት አደጋ ተከላካዮችን በብዛት የሚገድለው ነበልባል ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው። ከእንቅልፍ በደወል ተነሥቶ፣ ከባድ ልብስ ለብሶ፣ በሙቀት ውስጥ መሥራት ልብን ክፉኛ ያጨናንቃል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 የእሳት አደጋ ተከላካይነት ሥራን ለሰው ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች ምድብ አስገብቷል። ፌዴራሉ መንግሥት በ1976 ባወጣው ሕግ በሥራ ላይ ለሞተ ፈቃደኛ ቤተሰብም እንደ ደመወዝ ተከፋዩ ሁሉ ካሣ ይከፈላል።

በሚያዝያ 17 ቀን 2013 በቴክሳስ ግዛት ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነው ብዙ የሚጠቀስ ነው። ምሽት ላይ በአንድ የማዳበሪያ መጋዘን እሳት ተነሣ፤ የከተማው ፈቃደኞች ወዲያው ወጡ። መጋዘኑ ውስጥ አሞኒየም ናይትሬት በእንጨት ክፍልፋዮች ተከማችቶ ነበር። እሳቱ ከተነገረ 20 ደቂቃ ያህል በኋላ ክምችቱ ፈነዳ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 12ቱ ለማዳን የወጡ ሲሆኑ አብዛኞቹ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ተከላካዮች ነበሩ። በአቅራቢያው የነበሩ ትምህርት ቤቶች፣ የአረጋውያን መኖሪያና የኪራይ ቤቶች ተጎዱ፤ ከ260 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። አደጋውን የመረመረው የፌዴራል ቦርድ፣ ተከላካዮቹ ክምችቱ ሊፈነዳ እንደሚችል በቂ ሥልጠናና መረጃ እንዳልነበራቸው ገልጿል። ጎረቤታቸው ያለው መጋዘን ምን እንደያዘ ማወቅ ከቱቦና ከባልዲ የማያንስ መሣሪያ መሆኑ የታየበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ እሳት ሲያጋጥም ማጥፋቱን ትቶ ሕዝቡን ማራቅ ትክክለኛው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ለመርዳት ለወጣ ሰው ግን ወደ ኋላ መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

በመስከረም 11 ቀን 2001 ከተጠለፉት አውሮፕላኖች አራተኛው በፔንሲልቬንያ ሻንክስቪል አጠገብ በወደቀ ጊዜም መጀመሪያ ከደረሱት መካከል የዚያች መንደር ፈቃደኞች ነበሩ።

እሳት ሳይነሣ

የፈቃደኛ ጣቢያ ሥራ ግማሹ፣ ምናልባትም ጠቃሚው ግማሽ፣ እሳት በሌለበት የሚሠራ ነው። በጥቅምት 8 ቀን 1871 የጀመረውን የቺካጎን ታላቅ ቃጠሎ ለማሰብ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የእሳት መከላከያ ሳምንት ይከበራል፤ ከ1922 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። በዚያው ሌሊት በዊስኮንሲን ፔሽቲጎ የተነሣው የጫካ እሳት ከቺካጎው ይልቅ እጅግ ብዙ ሰው ቢገድልም ስሙ እምብዛም አይነሣም። በዚህ ሳምንት ተከላካዮች ትምህርት ቤት ሄደው ሙሉ ልብሳቸውንና ጭንብላቸውን ለልጆች ያሳያሉ። ይህ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በጭስ ውስጥ እንግዳ ጭንብል ያየ ሕፃን ፈርቶ አልጋ ሥር ሊደበቅ ስለሚችል ነው።

ቤት ለቤት እየዞሩ የጭስ ማንቂያ መትከልም የተለመደ ነው። በመኖሪያ ቤት እሳት ከሚሞቱት አምስት ሰዎች ሦስቱ ያህል የሚሞቱት ማንቂያ በሌለበት ወይም በማይሠራበት ቤት ነው። የማይሠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ወጥቶ ወይም አልቆ ነው፤ ወጥ ሲጠበስ ጮኸ ተብሎ ባትሪው ተነቅሎ ይቀራል።

የቤት እሳት ትልቁ መነሻ ምግብ ማብሰል ነው። በእሳት በተያያዘ ዘይት ላይ ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ውሃው ከዘይቱ ሥር ሰምጦ በቅጽበት እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,700 እጥፍ ስለሚሰፋ የሚነደውን ዘይት ወደ ጣሪያ ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን በክዳኑ መክደን ይበቃል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያከማቻል። ቡና በከሰል ማፍላት ለለመደ ቤተሰብ ይህ በተለይ በክረምት መስኮት በሚዘጋበት አገር ሊታወቅ የሚገባ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግን ጨምሮ፣ አገልግሎቱ ደመወዝ ተከፋዮችና የየአካባቢው ፈቃደኞች አብረው የሚሠሩበት ድብልቅ ነው።

የቁጥሩ መቀነስ

በ1984 ወደ 898,000 የሚጠጋው የፈቃደኞች ቁጥር በ2020 ወደ 677,000 ወርዷል፤ የሕዝቡም የጥሪውም ብዛት በዚያው ዘመን ጨምሯል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሥራው ከመኖሪያው ይርቃል፤ የሥልጠናው ሰዓት ረዝሟል፤ ወጣቱ ከገጠር ይወጣል። ከ2,500 ያነሰ ሕዝብ በሚያገለግሉ ጣቢያዎች ከሦስት ፈቃደኞች አንዱ ያህል 50 ዓመት ያለፈው ነው። ጣቢያዎች ለዓመታት ያገለገለ ሰው አነስተኛ ጡረታ እንዲያገኝ፣ የቤት ግብር እንዲቀነስለት፣ ተማሪዎች ጣቢያው ውስጥ በነፃ እያደሩ ተረኛ እንዲሆኑ ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ ለቀኑ ሰዓት ብቻ ደመወዝ ተከፋይ ቀጥረዋል፤ አንዳንዶቹም ከጎረቤት ጣቢያ ጋር ተዋህደዋል። ውህደት በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም፣ አያት፣ አባትና ልጅ ያገለገሉበትን ጣቢያ መዝጋት በትንሽ ከተማ ከባድ ጠብ ያስነሣል።

በሌሎች አገሮች

ጀርመን አንድ ሚሊዮን ያህል ፈቃደኛ ተከላካዮች ሲኖሯት፣ ደመወዝ ተከፋዮቹ ያሉት በትልልቆቹ ከተሞች ነው። በቺሊ ዋና ከተማዋን ጨምሮ አገልግሎቱ በፈቃደኞች የተያዘ ነው፤ የመጀመሪያው ቡድን በ1851 በቫልፓራይሶ ወደብ ተቋቋመ። በታኅሣሥ 8 ቀን 1863 በሳንቲያጎ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በተነሣ እሳት ከ2,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ካለቁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ የከተማዋ ፈቃደኞች ቡድን ተመሠረተ። የቺሊ ፈቃደኞች ደመወዝ አለመቀበላቸው ብቻ ሳይሆን ለአባልነታቸው መዋጮም ይከፍላሉ።